የሚፈውሰው መድኃኒት ኃይሉን እንዳያጣ፦ አንቲባዮቲክን በኃላፊነት መጠቀም በሆስፒታልና ከሆስፒታል ውጪ

ከጉና ተራራ ግርጌ፣ ከእስቴ፣ ከእብናት ወይም ከጋይንት ታማሚ ይዞ ወደ ደብረ ታቦር የሚመጣ ቤተሰብ ከሆስፒታል የሚጠብቀው ሕመሙን የሚያድን መድኃኒት ነው። ሕመሙ የሳንባ ምች፣ ያመረቀዘ ቁስል፣ የአራስ ሕፃን የደም ኢንፌክሽን ወይም ከወሊድ በኋላ የሚከሰት የማሕፀን ኢንፌክሽን ከሆነ፣ ያ መድኃኒት በአብዛኛው ከአንቲባዮቲክ ወገን ነው። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያ የሚባሉትን ጥቃቅን ተሕዋስያን የሚገድል ወይም እንዳይራቡ የሚገታ መድኃኒት ነው። ቀዶ ሕክምና፣ የካንሰር ሕክምና፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት እንክብካቤ ሁሉ ያለ እርሱ እጅግ አደገኛ ይሆናሉ።

አሳሳቢው ነገር መድኃኒቱ ከመደርደሪያ መጥፋቱ ብቻ አይደለም። መድኃኒቱ ተገኝቶ፣ ተገዝቶና በሰዓቱ ተወስዶ ታማሚው የማይድንበት አጋጣሚ በዓለም ላይ እየበዛ መጥቷል። ምክንያቱ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን መላመዳቸው ነው። ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ 1 ነጥብ 27 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል። የመድኃኒት መላመድ አስተዋጽኦ ያደረገባቸው ሞቶች አብረው ሲቆጠሩ ቁጥሩ 4 ነጥብ 95 ሚሊዮን ይደርሳል። ከፍተኛውን ጫና የሚሸከሙትም ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ ሀገራት ናቸው።

ይህንን ለመግታት ሆስፒታሎች እንዲተገብሩት የሚጠበቅ አሠራር አለ። በሕክምናው ዓለም "አንቲማይክሮቢያል ስቱዋርድሺፕ" ይባላል፤ በአማርኛ የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች ኃላፊነት የተሞላበት አጠቃቀም ፕሮግራም ሊባል ይችላል። ዓላማው ታማሚውን መድኃኒት መከልከል አይደለም። አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው ሰው ሳይዘገይ ትክክለኛውን ዓይነት፣ በትክክለኛው መጠን፣ ለትክክለኛው ጊዜ እንዲያገኝ ማድረግ፣ የማያስፈልገውን ደግሞ ከጉዳቱና ከወጪው ማዳን ነው።

የተላመደው ማን ነው?

በብዙዎች ዘንድ "ሰውነቴ መድኃኒቱን ተላመደ" የሚል አነጋገር ይሰማል። የሚላመደው ግን የሰው አካል ሳይሆን ባክቴሪያው ነው። አርሶ አደሩ ይህንን ከራሱ ሥራ በቀላሉ ይረዳዋል። ከምርቱ ውስጥ ጠንካራውን ዘር መርጦ ለመጪው ክረምት ያስቀምጣል፤ በዓመቱም ማሳው በጠንካራው ዘር ይሸፈናል። አንቲባዮቲክም እንዲሁ ይመርጣል፤ የሚመርጠው ግን ጠላትን ነው። መድኃኒቱ ደካሞቹን ባክቴሪያዎች ሲገድል፣ በተፈጥሮ ለውጥ መቋቋሚያ ያገኙት ጥቂቶች ይተርፋሉ። የተረፉት ይራባሉ፤ ቦታውንም ይይዛሉ። ከዚህ የባሰው ደግሞ ባክቴሪያዎች የመቋቋሚያ ባሕርያቸውን ለልጆቻቸው ብቻ ሳይሆን በአጠገባቸው ላሉ ለሌላ ዝርያ ባክቴሪያዎች ጭምር ማቀበል መቻላቸው ነው።

ስለዚህ አንቲባዮቲክ በተወሰደ ቁጥር፣ በአግባቡም ቢሆን፣ ይህ ምርጫ ይካሄዳል። በአግባቡ ሲወሰድ ሕይወት ስለሚያድን ዋጋው ይከፈላል። ለጉንፋንና ለመሳሰሉት በቫይረስ ለሚመጡ ሕመሞች ሲወሰድ ግን ቫይረሱን የሚያደርገው ነገር የለም። የሚቀረው በታማሚው አንጀት፣ አፍና ቆዳ ላይ ያሉ ባክቴሪያዎችን መድኃኒት ማላመድ ብቻ ነው።

አንቲባዮቲክ ከመገኘቱ በፊት የነበረው ዓለም ምን ይመስል እንደነበር በሀገራችን የሚያስታውስ ቀን አለ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ እየተሰበሰበ የሚቃጠልበት "ኅዳር ሲታጠን" የሚባለው ልማድ በ1911 ዓ.ም. ከተከሰተው የኅዳር በሽታ ጋር ይያያዛል። ያ ወረርሽኝ በቫይረስ የመጣ ቢሆንም፣ በዓለም ዙሪያ ብዙዎቹን የገደለው ከጉንፋኑ በላይ ተደርቦ የመጣው የባክቴሪያ ሳንባ ምች እንደነበር ኋላ የተደረጉ ምርምሮች አሳይተዋል። ለዚያ ሳንባ ምች በወቅቱ መድኃኒት አልነበረም። ስኮትላንዳዊው ሐኪም አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን ያገኘው ከዚያ አሥር ዓመት ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ ከመጠን በታች የሚወሰድ ፔኒሲሊን ባክቴሪያውን ሳይገድል መድኃኒቱን እንዲላመድ እንደሚያደርገው አስጠንቅቆ ነበር።

በሆስፒታል ውስጥ ምን ይደረጋል?

የያኔው የኢትዮጵያ የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 ለሀገሪቱ ሆስፒታሎች የሚያገለግል የፕሮግራሙን መመሪያ አውጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው ሀገራት የጤና ተቋማት ተመሳሳይ መመሪያ አዘጋጅቷል። የአሠራሩ ፍሬ ሐሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው።

የመጀመሪያው የሆስፒታሉ አመራር ሥራውን የራሱ አድርጎ መያዙ ነው። ፕሮግራሙ ባለቤት፣ የሥራ ሰዓትና በጀት ከሌለው በወረቀት ላይ ይቀራል። ቀጥሎ ቡድን ይቋቋማል። በቡድኑ ውስጥ ሐኪም፣ ፋርማሲስት፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ነርስና የኢንፌክሽን መከላከል ሥራን የሚከታተል ባለሙያ ይኖራሉ። ቡድኑም በሆስፒታሎች ከሚገኘው የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴ ጋር ተቀናጅቶ ይሠራል።

ሦስተኛው በጽሑፍ የሰፈረ የሕክምና መመሪያ ነው። ለሳንባ ምች፣ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም ለቁስል በቅድሚያ የሚታዘዘው መድኃኒት የትኛው እንደሆነ፣ መጠኑና የቀኑ ብዛት ይወሰናል። እዚህ ላይ የዓለም ጤና ድርጅት አንቲባዮቲኮችን በሦስት የከፈለበት አሠራር ይረዳል። አንደኛው ምድብ በቅድሚያና በስፋት የሚታዘዙትን ይይዛል፤ አሞክሲሲሊንና ዶክሲሳይክሊን ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ሁለተኛው ባክቴሪያዎች ቶሎ ሊላመዷቸው ስለሚችሉ በጥንቃቄ የሚታዘዙት ምድብ ነው፤ ሴፍትሪያክሶን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንና አዚትሮማይሲን በዚህ ውስጥ ይገኛሉ። ሦስተኛው እንደ ኮሊስቲንና ሊኔዞሊድ ያሉት፣ ሌላው ሁሉ እምቢ ሲል ብቻ የሚነሡ የመጨረሻ መጠባበቂያዎች ናቸው። የዓለም መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ባጸደቁት የፖለቲካ መግለጫ፣ እስከ 2030 ድረስ በዓለም ላይ ለሰው ጤና ከሚውለው አንቲባዮቲክ ቢያንስ 70 በመቶው ከአንደኛው ምድብ እንዲሆን ግብ አስቀምጠዋል።

አራተኛውና የዕለት ተዕለቱ ሥራ ክትትል ነው። ለምሳሌ አንድ ሕፃን በከባድ የደም ኢንፌክሽን ጥርጣሬ ተኝቶ ቢታከም፣ ሐኪሙ የላቦራቶሪ ውጤት እስኪመጣ መጠበቅ አይችልም፤ መዘግየት ይገድላልና። በመሆኑም ከተቻለ አስቀድሞ የደም ናሙና ያስወስዳል፤ ወዲያውም ብዙ ዓይነት ባክቴሪያዎችን የሚያጠቃ መድኃኒት ያስጀምራል። ላቦራቶሪው ባክቴሪያውን አሳድጎ ማንነቱንና የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ለመለየት በአብዛኛው ከሁለት እስከ ሦስት ቀናት ይፈልጋል። ይህ የባክቴሪያ ካልቸር ምርመራ ይባላል።

የፕሮግራሙ ዋና ጥያቄ የሚነሣው በዚያን ጊዜ ነው። ከ48 እስከ 72 ሰዓታት ባለው ጊዜ ውስጥ ሐኪሙና ፋርማሲስቱ የታማሚውን መዝገብ እንደገና ያያሉ። ኢንፌክሽን መኖሩ ተረጋግጧል? መድኃኒቱ በሌላ፣ ጠበብ ባለና በረከሰ መተካት ይችላል? በደም ሥር የሚሰጠው በሚዋጥ ሊቀየር ይችላል? ወይስ መቆም አለበት? መልሱ በመዝገቡ ላይ ይጻፋል። የታማሚው ቤተሰብ "ትናንት የተጀመረው መርፌ ዛሬ ለምን ቆመ?" ብሎ ሊሰጋ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ይህ ታማሚው በሚገባ እየታየ ለመሆኑ ምልክት ነው።

በቀዶ ሕክምናም እንዲሁ ነው። በምጥ ችግር በቀዶ ሕክምና የምትገላገል እናት ቁስሏ እንዳያመረቅዝ መከላከያ አንቲባዮቲክ ያስፈልጋታል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መድኃኒቱ ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ውስጥ እንዲሰጥ ያዛል። ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ መከላከያውን ለቀናት ማራዘም ግን ቁስልን ከኢንፌክሽን በተሻለ እንደማይከላከል ይገልጻል። ጊዜውን የጠበቀ አንድ መጠን፣ ዘግይቶ ተጀምሮ ለሳምንት ከሚራዘም መርፌ ይበልጣል።

የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ትምህርት

ይህ አሠራር ያደጉ ሀገራት ቅንጦት እንዳልሆነ የሚያሳይ ማስረጃ በሀገር ውስጥ አለ። በአዲስ አበባ በሚገኘው ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ፋርማሲስቶች የመሩት የክትትል ሥራ ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። ባለሙያዎቹ የተኝቶ ታካሚዎችን መዝገብ እያዩ ለሐኪሞች ምክር ይሰጡ ነበር። በጥናቱ ርዕስ ላይ ሳይቀር የሰፈረው ግኝት፣ ከታዘዙት አንቲባዮቲኮች ግማሹ አስፈላጊ አለመሆናቸው ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደነግጠው ሥራው ከቆመ በኋላ የታየው ነው። ክትትሉ ሲቋረጥ በክፍሎቹ የአንቲባዮቲክ አጠቃቀም ከግማሽ በላይ ጨመረ። ታካሚዎች በሆስፒታል የሚቆዩበት ጊዜ ረዘመ። ተኝተው ሲታከሙ የሚሞቱት ምጣኔም ወደ እጥፍ ገደማ ከፍ አለ። የጎደለው በየዕለቱ መዝገቡን ከፍቶ የሚጠይቅ ሰው ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ፕሮግራሙ አንድ ጊዜ ሥልጠና ተሰጥቶበት የሚዘጋ ሥራ አለመሆኑ ነው። እንደ አረም ሁሉ በየጊዜው ካልተመለሱበት ተመልሶ ይበቅላል።

በዞን ደረጃ ያለው ፈተና

በደቡብ ጎንደር ደጋማ አካባቢዎች ለሚገኙ የጤና ተቋማት ሥራው የራሱ አስቸጋሪ ገጽታዎች አሉት። የካልቸር ምርመራ የሠለጠነ ባለሙያ፣ ያልተቋረጠ መብራትና ግብዓት ይፈልጋል። ጤና ጣቢያዎች ይህ አቅም ስለሌላቸው በምልክት ላይ ተመሥርተው ያክማሉ። መድኃኒት ሲጠፋ አስታማሚው ማዘዣውን ይዞ ከግል ፋርማሲ ይገዛል፤ የታዘዘው ከሌለ ያለው ይተካል። በዚህ መሀል ሆስፒታሉ ያወጣው የመድኃኒት ቅደም ተከተል ይዘበራረቃል።

ይሁን እንጂ ካልቸር የለም ተብሎ ሥራው የሚጠብቅ አይደለም። የታዘዘበትን ምክንያት በመዝገብ መጻፍ፣ የማብቂያ ቀኑን አስቀድሞ መወሰን፣ በሦስተኛው ቀን እንደገና ማየት፣ ለቀዶ ሕክምና መከላከያ ሰዓት መጠበቅ፣ እጅን መታጠብ፤ እነዚህ ውድ መሣሪያ አይጠይቁም። ከፋርማሲ የወጣው መድኃኒት ዓይነትና ብዛት በትክክል ከተመዘገበም የትኛው አንቲባዮቲክ እንደበዛ ከወር ወር ማወዳደር ይቻላል። በክልሉ በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተጀምሮ በሀገር ደረጃ የተስፋፋው ግልጽነት ያለው የመድኃኒት ግብይትና አገልግሎት አሠራር ለዚህ መሠረት ይሆናል። በደብረ ታቦር ደግሞ ሌላ ዕድል አለ። ከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ያላት የጤና ባለሙያዎች መማሪያ በመሆኗ፣ ተማሪዎች በሆስፒታል ክፍል የሚለምዱት የማዘዝ ልማድ ተመርቀው ወደሚሄዱባቸው ጤና ጣቢያዎች ሁሉ አብሯቸው ይጓዛል።

ገንዘቡም የሕዝብ ነው። በደቡብ ጎንደር የፎገራ ወረዳ እ.ኤ.አ. በ2011 የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በሙከራ ከተጀመረባቸው የሀገሪቱ 13 ወረዳዎች አንዱ ነበር። አርሶ አደሩ ከምርቱ ሸጦ የሚከፍለው መዋጮ ለማያስፈልግ መርፌ ሲወጣ፣ ለሚያስፈልገው ታማሚ የሚቀረው ያንሳል። የተለመደው መድኃኒት ሲመክን የሚተካው ደግሞ በጣም ውድ ነው፤ የመኝታው ቀንም ይረዝማል። የበሬ ወይም የላም ሽያጭ የሚጠይቅ ሕክምና የሚመጣው እንዲህ ነው።

ከሆስፒታሉ ደጅ ውጪ

ሆስፒታሉ የሚቀበለው ባክቴሪያ በቤት፣ በገበያና በበረት የኖረ ነው። በመሆኑም የፕሮግራሙ ግማሽ ሥራ ያለው ከደጁ ውጪ ነው።

በኢትዮጵያ አንቲባዮቲክ በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሸጥ መድኃኒት ነው። በተግባር ግን ስሙን ጠርቶ፣ ሁለት ወይም ሦስት ፍሬ ቆርጦ መግዛት የተለመደ ነው። ለአንዱ ታዝዞ የተረፈውን ለጎረቤት ማካፈልም እንደ ደግነት ይቆጠራል። የቴትራሳይክሊን እንክብል ፈትቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስ ያልተለመደ አይደለም። እነዚህ ሁሉ ባክቴሪያውን ሳይገድሉ የሚያለማምዱ ናቸው።

ትኩሳት የያዘው ሰው ሁሉ "ታይፎይድና ታይፈስ" ተብሎ መታከሙም ሌላው ጉዳይ ነው። ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ ባክቴሪያውን ራሱን ሳይሆን ሰውነት የሠራውን መከላከያ ስለሚያይ፣ ቀደም ሲል በታመመ ወይም ሌላ ሕመም ባለበት ሰው ላይም "አለ" ሊል ይችላል። በዚህ ውጤት ብቻ ተመሥርቶ መድኃኒት መደጋገም እውነተኛውን ሕመም ይሸፍናል።

በእንስሳት ዘንድም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ለከብትና ለበግ በስፋት የሚሰጠው ኦክሲቴትራሳይክሊን፣ ሰው ከሚወስደው ቴትራሳይክሊን ጋር የአንድ ቤተሰብ መድኃኒት ነው። ከገበያ ተገዝቶ በግምት የሚወጋ ከሆነ በበረቱ ውስጥ የተላመደ ባክቴሪያ ይራባል። ከፍግ ጋር ወደ ጓሮ፣ ከጎርፍ ጋር ወደ ምንጭ፣ ባልፈላ ወተት ደግሞ ወደ ሰው ይሻገራል። ስለዚህ ሕክምናው በእንስሳት ጤና ባለሙያ መታዘዝ አለበት። ላም መድኃኒት ከተሰጣት በኋላ ወተቷ፣ የሚታረድ እንስሳ ከሆነም ሥጋው፣ ለምግብ የማይውልበት የቀናት ብዛት በመድኃኒቱ ላይ ተጽፏል፤ ማንበብ የማይችል ባለሙያውን ይጠይቃል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2025 ያወጣችው ሦስተኛው ብሔራዊ ዕቅድ የሰውን፣ የእንስሳትንና የአካባቢን ጤና በአንድነት ያየው ለዚህ ነው።

"ሳይቃጠል በቅጠል" እንዲሉ፣ ያልያዘ ኢንፌክሽን አንቲባዮቲክ አይፈልግም። ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃ ቤት፣ እጅ መታጠብና ክትባት ፕሮግራሙን ከማንኛውም መመሪያ በላይ ያግዙታል። የሳንባ ምችን የሚከላከለው የኒሞኮካል ክትባት እ.ኤ.አ. በ2011፣ ከባድ ተቅማጥን የሚከላከለው የሮታ ክትባት እ.ኤ.አ. በ2013 በኢትዮጵያ መደበኛ የሕፃናት ክትባት ውስጥ ገብተዋል። የተከተበ ሕፃን አነስተኛ መድኃኒት ይወስዳል።

ታማሚና አስታማሚ ምን ይጠይቁ?

አንቲባዮቲክ ሲታዘዝ ባለሙያውን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ሕመሙ በባክቴሪያ የመጣ ነው ወይ? መድኃኒቱ በቀን ስንት ጊዜ፣ ለስንት ቀን ይወሰዳል? ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ? መቼ ለውጥ ካልታየ መመለስ ያስፈልጋል? እነዚህ አራት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ባለሙያው "አንቲባዮቲክ አያስፈልግም" ካለ መርፌ እንዲወጋ መጎትጎት አይገባም። ካዘዘም ከታዘዘው ቀን በታችም በላይም መውሰድ ተገቢ አይደለም። ሻል ሲል በራስ ፈቃድ ማቆምና የተረፈውን ለሌላ ቀን ማስቀመጥም እንዲሁ።

በሌላ በኩል የአራስ ሕፃን ጡት መጥባት እምቢ ማለት፣ የሕፃን ፈጣንና የሚያስጨንቅ አተነፋፈስ፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ትኩሳት በቤት የሚጠበቁ ምልክቶች አይደሉም። በእነዚህ ጊዜ መድኃኒት ፍለጋ ገበያ መዞር ትቶ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ከቤት የተሰጠ መድኃኒት ካለ፣ የእንስሳት መድኃኒት ቢሆን እንኳ፣ ሳይደብቁ ማሸጊያውን ይዞ ማሳየት ሐኪሙ የሚሠራውን መድኃኒት ቶሎ እንዲመርጥ ይረዳዋል።